ሁለቴ የሚነበብ ቁጥር

ጋሽ ቆጣሪን የከዳቸው ሳምባቸው እንጂ እግራቸው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ የመብራት ቆጣሪ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ ስሙም የወጣላቸው ከዚያው ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ጫማቸውን ጥብቅ አድርገው አስረው ሰፈሩን አንድ ዙር ሳይዞሩ ቁርስ አይቀምሱም ነበር። አሁን ግን ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫቸው ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰካ የኦክስጅን ማሽን ጋር ታስረው ይውላሉ። ቱቦው የሚያደርሳቸው ከአልጋቸው እስከ ሳሎኑ መስኮት ድረስ ነው። እሳቸውም ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አስደርገው መንገደኛ ይቆጥራሉ።

ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ፉት፣ ፉት ይላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመጋረጃው ሾልካ ወለሉ ላይ ስትንጋለል ያ ድምፅ ቤቱን በሙሉ ያፈዘዋል፤ ወንበሩም፣ መደርደሪያውም አብረው የሚተነፍሱ ይመስላሉ። ልጃቸው እዚያው ሳሎን ጥግ ጠረጴዛዋን ዘርግታ ትሠራለች፤ ቢያንስ እሷ የምትለው እንደዚያ ነው። ጣቷን አንዱ ቁልፍ ላይ እንዳሳረፈች ሸለብ ያደርጋትና፣ ስትነቃ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በአንድ ፊደል ተሞልቶ ይጠብቃታል።

«ዛሬስ ብዙ ጻፍሽ» ይሏታል አባቷ ከመስኮቱ ሥር።

«ያሹፉ እንጂ፣ አባባ።»

የምትሠራው በትከሻ የሚንጠለጠል ትንሽ የኦክስጅን ማሽን ለሚያመርት ወርክሾፕ ነው። ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ኮምፒውተር አለው፤ የኮምፒውተሩ እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነል ደግሞ በተፈጥሮው ማንንም አያውቅም። ባትሪው፣ ማራገቢያው፣ ስክሪኑ እያንዳንዳቸው ማን እንደሆኑና እንዴት እንደሚናገሩ የሚያስተዋውቀው ይፈልጋል፤ ያ አስተዋዋቂ ድራይቨር የሚሉት ቁራጭ ፕሮግራም ነው። የእሷ ሥራ እሱን መጻፍ ነው።

ከሁለት ወር በፊት የወርክሾፑ ባለብየዳ፣ ሸሚዙ ላይ ያልተቃጠለ ቦታ የማይገኝበት ሰው፣ መዳፉን ዘርግቶ መጣ። መዳፉ ላይ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ነገር ተቀምጧል።

«የድሮው ቺፕ ከእንግዲህ አይመረትም አሉን። ያለን ይኼ ነው» አላት።

ቺፑ ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል ይቆጥራል፤ ከዚያ ተነስቶ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደቀረው ስክሪኑ ላይ ይታያል። ከርነሉ ግን ይህን እንግዳ አያውቀውም። ስለዚህ አዲሶቹ ማሽኖች፣ ሰዓቱ መታየት ባለበት ቦታ፣ አንዲት ሰረዝ ብቻ ነበር የሚያሳዩት። ከእነዚያ አዲስ ማሽኖች አንዱ ለጋሽ ቆጣሪ የተመደበ ነበር።

ሐኪማቸው ነገሩን በአጭሩ ቆረጠችው። «በትከሻ የሚያዘውን ይዘው በቀን ሁለት ሰዓት ይውጡ፤ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም። ብቻ ስንት ሰዓት እንደቀረ የሚናገረው ቁጥር እውነቱን መናገር አለበት። ከዋሸ መንገድ ላይ ይቀራሉ።» ከዚያ ቀን ወዲህ የአባትየው መውጣት አለመውጣት በልጅቱ ጣት ላይ ተንጠለጠለ።

«ዛሬ ያልቃል?» ይሏታል በየጠዋቱ፤ ጫማቸውን አስረው ነው የሚጠይቋት። ማታ ሲፈቱት ግን ምንም አይሉም። አንጀቷን የሚበላት ይኼኛው ነበር።

ድራይቨሩ ውስጥ ሠንጠረዥ አለ፤ ለእያንዳንዱ ቺፕ አንድ ረድፍ። አዲስ ቺፕ መጨመር ማለት በአብዛኛው አንድ ረድፍ መጨመር ማለት ነው። የዚህ ሙያ ሰዎች ደግሞ የማይተዉት ልማድ አላቸው፤ የአዲሱን ቺፕ የቅርብ ዘመድ ይፈልጉና ረድፉን ገልብጠው ሁለት ሦስት ቁጥር ይለውጡበታል። እሷም እንደዚያው አደረገች። ከቁጥሮቹ ጋር የድሮው ቺፕ ጠባይ አብሮ መገልበጡን ግን ልብ አላለችም።

እንዲህ ያለ ለውጥ ወደ ከርነሉ ዝም ብሎ አይገባም። ያንን የከርነል ክፍል የሚጠብቅ ሰው አለ፤ በሩቅ አገር የሚኖር፣ ፊቱን አይታው የማታውቅ፣ ከኢሜይሉ በቀር ምኑም የማይታወቅ። ወርክሾፑ ውስጥ «በረኛው» ይሉታል። ሥራውን ሁሉም ሰው በሚያየው መድረክ ላይ ይልኩለታል፤ ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ካላመነበት ንጉሥ ቢማልድ አያስገባም። ያን ጊዜ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አዲሱ ቺፕ የሚቆጥረው ቁጥር ረጅም ስለሆነ በአንዴ አይነበብም፤ መጀመሪያ የላይኛው ግማሽ ይነበባል፣ ቀጥሎ የታችኛው። «የላይኛውን አንብበን እስክንጨርስ የታችኛው ባለበት ቆሞ ይጠብቀናል ወይ?» አላት።

የቺፑ መመሪያ ዘጠና ሁለት ገጽ ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ማሽኑ ፉት ፉት ይላል፣ አባቷ ጫማቸውን አስረው ተቀምጠዋል። «አዎ፣ እንደ ድሮው ነው» ብላ መለሰች። መመሪያውን አልከፈተችውም።

በረኛው አመናት። እሷም ለሕሊናዋ ያህል ሁለት መቶ ጊዜ ለካች፤ ሁለት መቶውም ጊዜ ቁጥሩ ልክ መጣ። በማግስቱ ማሽኑን በትከሻዋ አንጠልጥላ አባቷን ይዛ ወጣች።

ጋሽ ቆጣሪ ከአራት ወር በኋላ መንገድ ሲረግጡ ማየት ነበር! በየበሩ ቆም እያሉ የቆጣሪ ሳጥኖቹን በዓይናቸው ይሳለማሉ። «ይኼ የእኔ ነበር። ያም የእኔ ነበር» ይላሉ፤ የሰው ቤት ሁሉ የእሳቸው ርስት ይመስል። ያወቋቸው ሰዎች ከየመስኮቱ እጃቸውን ያውለበልቡላቸዋል። ወንዙ ዳር ለመድረስ ድልድዩን መሻገር ያስፈልጋል፤ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመው፣ ከቤት ከወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስክሪኑን አዩ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ይላል።

«እንግዲያማ ምን ቸገረን!» አሉ አባቷ። ተሻገሩ።

ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ያየው የለም። ያዩት ወንዙን ነው። ውኃው ብርሃኑን እየቆራረሰ ይዞት ይሄዳል፣ ዛፎቹ ተገልብጠው ውስጡ ቆመዋል፣ ሁለቱም አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው አንዱ ከሌላው ቀድሞ ማንቀላፋት ይዟል። ማሽኑ መጮህ ሲጀምር መጀመሪያ ወፍ ነበር የመሰላት።

የቀረው አሥር ደቂቃ ነበር። ታክሲ እንዴት እንዳቆመች፣ ሹፌሩን ምን እንዳለችው ዛሬ ብትጠየቅ አታውቅም። የምታስታውሰው የአባቷን ከንፈር ነው፤ ቀስ እያለ ሲጠቁር። ቤት ደርሳ ቱቦውን ከግድግዳው ማሽን ጋር ስታያይዘው የትከሻው ባትሪ ከሞተ ሁለት ደቂቃ ሆኖት ነበር። ጋሽ ቆጣሪ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አየሩን ሳቡት፣ ሳቡት፣ ሳቡት። ቀለማቸው ሲመለስ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር «ወንዙን ግን አይተነዋል፣ አይደል?» የሚል ነበር።

እሷ አልሳቀችም። ማሽኑ ያነበበውን ሁሉ ስለሚመዘግብ መዝገቡን ከፈተች። ድልድዩ አፍ ላይ የነበረው እውነተኛ ቁጥር ሃምሳ ደቂቃ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ አርባ ዘጠኝ ብሎ ራሱን አርሟል፤ ግን ማን አየው? የዋሸው አንዴ ብቻ ነው፤ የዋሸውም ልክ በሦስት ሰዓት። ይኼ «ልክ» ቀልቧን ገፈፈው። የቁጥሩ የላይኛው ግማሽ አንድ የሚጨምረው በየሦስት ሰዓቱ ነበርና።

መመሪያውን ከፈተች። ሃምሳ ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ዓይን ላለው ሰው ቁልጭ ብሎ፣ ቺፑ ሲነበብም መቁጠሩን እንደማያቆም ተጽፏል። ከርነሉ የላይኛውን አንብቦ ወደ ታችኛው እስኪዞር፣ በመሀል ማራገቢያውን ሲያዝ፣ ስክሪኑን ሲቀባ፣ የላይኛው ከጀርባው ተለውጦበታል። አሮጌ ላይና አዲስ ታች ገጣጥሞ፣ ያልነበረ ሦስት ሰዓት ፈጥሮ ለአባቷ ሰጣቸው። ሰማይ የተደፋባት ያህል ተሰማት። የማታውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ እሷ ግን ተጠይቃ ነበር፣ አፏን ሞልታ አዎ ብላ ነበር።

ለበረኛው ጻፈችለት። «የጠየቁኝን ሳላረጋግጥ ነው አዎ ያልኩዎት። ሰው ሊሞት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መልሱ አጭር ነበር። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ረድፉን አውጥቼዋለሁ። ሲስተካከል መልሺው።» አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይቀላት ነበር።

ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። አባቷ ለአራት ቀን ጫማቸውን እያሰሩ ተቀመጡ፤ ምንም አልጠየቁም። በአምስተኛው ቀን በነጠላ ጫማ መጥተው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። መንገደኛም መቁጠር ተዉ። ያኔ ነው ልጅቱ በእውነት የፈራችው። ትንፋሹ ሳይቋረጥ የሚያልቅ ሰው መኖሩን ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በባዶ ስክሪን ፊት ሸለብ አደረጋት። በሕልሟ ማለቂያ በሌለው መንገድ ትሄዳለች፤ ግራና ቀኝ ቤት ነው፣ በየበሩ ላይ ሁለት ክብ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አባቷ ወጣት ሆነው፣ ያለ ቱቦ፣ ከፊቷ ይራመዳሉ። የግራውን ሰሌዳ ታነባለች፤ ወደ ቀኙ ስትዞር የግራው ከኋላዋ ይለወጣል፤ ደግማ ስትዞር ቤቱ ራሱ ሌላ ቤት ሆኗል። «አባባ፣ ይጠብቁኝ» ልትል አፏን ስትከፍት ፉት የሚል ድምፅ ይወጣታል። ግን አልጨነቃትም። እሳቸው ይሄዳሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ መንገዱ ሁሉ ወርቃማ ነው። ስትነቃ ፀሐይዋ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ወጥታ ነበር፤ አባቷም ዓይናቸውን ተክለው እያዩዋት ነበር።

«ሰው ያለ ክስ ይታሰራል እንዴ?» አሏት።

«አባባ፣ የኮምፒውተር ጣጣ ነው፤ ምን ያደርግልዎታል…»

«የምተነፍሰው እኔ ነኝ። ንገሪኝ።»

ወረቀት አውጥታ ሁለት ክብ ሣለች። አንዱ ላይኛው ግማሽ ነው አለቻቸው፣ አንዱ ታችኛው። የታችኛው ዞሮ ሲሞላ የላይኛው አንድ ይጨምራል። ላይኛውን አይተን ወደ ታችኛው ስንሄድ፣ በዚያች ቅጽበት የታችኛው ከሞላ፣ የያዝነው ላይኛው ያረጀ ይሆናል።

ጋሽ ቆጣሪ ወረቀቱን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አመማቸው ብላ ብድግ አለች። ለካ እየሳቁ ነው።

«ይኼማ የዱቄት ፋብሪካው ቆጣሪ ነው!»

«የምን ዱቄት ፋብሪካ?»

«የሰው ቤት ቆጣሪ መርፌው ይንፏቀቃል፤ ተኝተሽም ታነቢዋለሽ። የፋብሪካው ግን ወፍጮው ሲነሳ መርፌው ይከንፋል። ግራውን አይተሽ ወደ ቀኙ ስትዞሪ ጉድ ይሠራሻል። ጀማሪ ሁሉ የሚዋረደው እዚያ ነበር።»

«እርስዎስ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ግራውን አያለሁ። ቀኙን አያለሁ። ከዚያ ሳልጽፍ ተመልሼ ግራውን አያለሁ። እንደተውኩት ካገኘሁት እጽፋለሁ፤ ካልሆነ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።» ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ይኼን አጥተሽው ነው ስድስት ቀን የቆለፍሽብኝ?»

እውነቱን ለመናገር ዘዴው በእሷም ሙያ የታወቀ ነው፤ በተማሪነቷ ሳታነበው አልቀረችም። ግን ሰው በራሱ ሲያፍር የሚያውቀውም ይጠፋዋል። ሳምንቱን ሙሉ ስታየው የከረመችው ስህተቷን እንጂ ቺፑን አልነበረም። አሁን የዘጠና ሁለቱን ገጽ መመሪያ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበችና፣ ረድፉን ገልብጣ ሳይሆን ከባዶ ጻፈችው። አነባበቡን ልክ አባቷ እንዳሉት አደረገችው፤ ላይ፣ ታች፣ እንደገና ላይ፤ ካልገጠመ ከመጀመሪያው። ሰባት መስመር ሆነ። ማሽኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ያለ ዕረፍት አስነበበችው፤ በየሦስት ሰዓቱ ያቺ ክፉ ቅጽበት ስትመጣ አንዴ ይሰናከልና ደግሞ አንብቦ ልክ ይወጣል። ላከችው።

በረኛው በማግስቱ መለሰ። «ኮዱ ልክ ነው። የፈተነው ማነው? ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በሥራ ላይ ማለቴ ነው። ፈታኙም አንቺ አትሁኚ።»

ይኼ የሙያው ወግ ነው። ከእያንዳንዱ ለውጥ ግርጌ «የፈተነው» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ የሚሰፍረው ዕቃውን በእጁ ይዞ የሞከረ ሰው ስም ነው እንጂ የወዳጅ ስም አይደለም። ልጅቱ ባለብየዳውን ልትልከው አሰበች።

«እሱ የሚተነፍሰው በራሱ ሳምባ ነው» አሉ አባቷ። «ቢጠፋበት እያፏጨ ይመለሳል። እሱ ምኑን ፈተነው?»

«እሺ፣ አብሬዎት ልምጣ።»

«ካንቺ ጋር ከሄድኩ የምታዪው አንቺ፣ የምትፈሪው አንቺ። እኔ ሻንጣ ነው የምሆነው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ፣ ቁጥሩን አምነሽዋል ወይስ አላመንሽውም?»

አሁን ቶሎ አልመለሰችም። ሰባቱን መስመሮች በልቧ አንድ በአንድ አለፈቻቸው። ስትጨርስ «አምኜዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቢዋሽ እንኳ እንዲተርፋቸው ባትሪውን ጢም አድርጋ ሞላችው። የላይኛው ግማሽ የሚለወጥበትን ጊዜ አሰላች፤ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ላይ ይወድቃል። «በየአሥር ደቂቃው ቁጥሩን ይጻፉልኝ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ዓይንዎን ከስክሪኑ እንዳይነቅሉ» ብላ ደብተርና እርሳስ ሰጠቻቸው። ጋሽ ቆጣሪ ደብተሩን በኪሳቸው ከተቱ፤ አያያዛቸው የመሥሪያ ቤት ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ከውጭ ዘጉት።

እሷ ቤት እያለች የግድግዳው ማሽን ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዝምታው ሳሎኑን ሞላው፤ ቤቱ ትንፋሹን የያዘ መሰላት። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ያጠበችውን ብርጭቆ አጠበች። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ልቧ ተሰቀለ፤ አለፈ። ይመለሳሉ የተባለው አምስት ተኩል ላይ ነበር። አምስት ተኩል ሆነ። ስልካቸውን ስትደውል እዚያው አልጋቸው ላይ ጠራ። ስድስት ሰዓት ሲሆን በር ላይ ቆማ፣ እሳቸውን ብቻዬን የላክሁ እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ እያለች ራሷን ትረግም ነበር።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጋሽ ቆጣሪ ከማዞሪያው ብቅ አሉ። እንደ ልማዳቸው በየበሩ ቆም እያሉ፣ ሳይቸኩሉ መጡ። መጀመሪያ ያየችው ከንፈራቸውን ነው፤ ደህና ነው። ከዚያ መቆጣት አምሯት ሳይሆንላት ቀረ። ወንበራቸው ላይ አስቀምጣ ቱቦውን ቀየረችላቸው፤ ደብተሩን ተቀብላ የማሽኑን መዝገብ ከፈተች።

የእርሳሱ ጽሕፈት ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፈ እጅ ነው፤ ቁጥር ከቁጥር ሥር ተደርድሯል። አንድ በአንድ አስተያየች። ሁሉም ይገጥማል። የተጻፉበት ሰዓት ከጎናቸው አለ፤ ሦስት ከአርባ፣ ሦስት ከሃምሳ፣ አራት፣ አራት ከአሥር። ከዚያ ባዶ። ቀጣዩ መስመር አምስት ሰዓት ነው። መዝገቡን ስታይ ደግሞ፣ አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ፣ ያቺ የፈራቻት ቅጽበት መጥታለች። ማሽኑ ላይን አይቷል፣ ታችን አይቷል፣ ወደ ላይ ሲመለስ ተለውጦ አግኝቶታል፣ ከመጀመሪያው አንብቦ እውነተኛውን ቁጥር ሰጥቷል። ስክሪኑ ላይም አውጥቶታል። ያየው ሰው ግን አልነበረም።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ምንም የለም። አራት ተኩል ላይ ዓይንዎን እንዳይነቅሉ ብዬዎት አልነበር?»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ?»

አባቷ እንደ ተማሪ አፈሩ። «ወንዙ ዳር ነበርኩ» አሉ። «ረሳሁት።»

«ማየቱን ነው የረሱት?»

«መታመሜን» አሉ።

የልጅቱ እንባ ቁልፎቹ ላይ እየወረደ ስለነበር ቶሎ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዞረች። «የፈተነው» ከሚለው መስመር ፊት የአባቷን ስም ከነአባታቸው ጻፈች። ከሥሩም፣ በረኛው መጠየቁ ስለማይቀር፣ ሃምሳው ደቂቃ ለምን ባዶ እንደሆነ ልክ እሳቸው እንደነገሯት አስቀመጠችና ላከችው።